ስለ ሕፃናት ማዕድና ስለ ገበሬው ክብር

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራው ስብከቱ ስለ መልካም ሥራ ሁለት ነገር አስተምሮናል። በመጀመሪያ ደቀ መዛሙርቱ ብርሃናቸውን ከእንቅብ በታች እንዳይሸሽጉ፣ ሰዎችም ሥራቸውን አይተው በሰማይ ያለውን አባት እንዲያከብሩ ነገራቸው (ማቴ. 5፥14-16)። ጥቂት ቈይቶም ምጽዋት የሚሰጥ ሰው በፊቱ መለከት እንዳያስነፋ፣ ቀኙ የሠራችውንም ግራው እንዳታውቅ አዘዛቸው (ማቴ. 6፥1-4)። እነዚህ ሁለቱ ትእዛዞች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ነገሩም የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በዘመናችን የተራቡ ሕፃናትን በትምህርት ቤት የሚመግቡ ሰዎች፣ ከተሞችና ማኅበሮች በአደባባይ ሲሸለሙና ሲመሰገኑ እናያለን። እንግዲህ ይህ ምስጋና የተገባ ነውን? የሚገባስ ከሆነ ለማን ነው? ምስጋናው ሲታደል ሳይጠራ የቀረውስ ማን ነው? ክርስቲያን ይህን ጥያቄ አልፎት ሊሄድ አይገባውም።

አስቀድመን ሥራውን ራሱን እንመልከት። ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ሕፃን በክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ትምህርቱ አይገባውም፤ ዓይኑ ሰሌዳውን ያያል፣ ልቡ ግን በሆዱ ዘንድ ነው። ይህን የማያውቅ መምህር የለም። በአገራችን በኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ፕሮግራም የትምህርት ቤት ምገባን የጀመረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። በአርብቶ አደሮች ወረዳዎችም ወላጆች ሴቶች ልጆቻቸውን ከትምህርት እንዳያስቀሩ ሲባል፣ አዘውትረው ለሚማሩ ልጃገረዶች ወደ ቤታቸው የሚወስዱት የምግብ ዘይት ይሰጥ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ይኸውም እህሉን ሁሉ ከባሕር ማዶ በመርከብ በማምጣት ፈንታ፣ በመጀመሪያ በደቡብ፣ ቈይቶም በኦሮሚያ፣ በቆሎውንና ቦሎቄውን ከዚያው ከአካባቢው ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት እየገዙ ለተማሪዎች ማቅረብ ነው። በአዲስ አበባም የከተማው አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. ወደ 300,000 ለሚሆኑ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስና ምሳ መስጠት ጀመረ፤ ከዚያም ወዲህ ቁጥሩ እጅግ ጨምሯል። ምግቡን የሚያበስሉት በየሰፈሩ ያሉ እናቶች ናቸው፤ ሥራ ያልነበራቸው ብዙዎች በዚህ የዕለት እንጀራቸውን አግኝተዋል።

ስለዚህ ዓይነት ሥራ የተሰጡት የክብር ምልክቶች ብዙ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት የነበሩት ጆርጅ ማክገቨርንና ሮበርት ዶል፣ ለድኾች አገሮች ተማሪዎች ምግብ እንዲሰጥ ስላደረጉ የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኅብረት በየዓመቱ የካቲት 22 ቀን፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ማርች 1 ቀን፣ የአፍሪካ የትምህርት ቤት ምገባ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወሰነ። በ2020 እ.ኤ.አ. የዓለም ምግብ ፕሮግራም የኖቤልን የሰላም ሽልማት አገኘ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ስለ ተማሪዎች ምገባዋ ከተሞች ስለ ምግብ በሚወዳደሩበት በሚላን ስምምነት ተሸለመች።

ይህን ሰምተው አንዳንዶች፣ ሁሉም የፈሪሳውያን መለከት ነው፣ እውነተኛ በጎነት ራሱን ይሸሽጋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ ሕፃኑ ከጠገበ ማን ቢመሰገን ምን ይጎዳል ይላሉ። ሁለቱም ሐሳቦች አንዳንድ እውነት አለባቸው፤ ሁለቱም ግን ነገሩን አልጨረሱትም።

የመጀመሪያዎቹን እንመልከት። ጌታ በስውር እንዲደረግ ያዘዘው ምጽዋትን ነው። ምጽዋት ሰው ከገዛ ገንዘቡ፣ ግዴታ ሳይኖርበት፣ ለወንድሙ የሚሰጠው ነው። ከሕዝብ ግብር ተሰብስቦ ለሕዝብ ልጆች የሚበስል ምግብ ግን ምጽዋት አይደለም፤ የአባት ግዴታ ነው። ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም ስለ ዕለት እንጀራ ሲያስረዳ፣ ከመብልና ከመጠጥ ጋር መልካም መንግሥትንም መልካም የአየር ጠባይንም ይቈጥራል። ምክንያቱም መልካም ገዥ ባለበት አገር እንጀራው ወደ ድኻው ገበታ ይደርሳል። እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ በስውር ሊወጣ አይገባውም። ስንት ኩንታል እንደ ተገዛ፣ በስንት ብር፣ ከማን፣ ለስንት ልጆች እንደ ዋለ በግልጥ ሊነገርና ሊመረመር ይገባዋል። ጳውሎስ እንኳ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረውት እንዲሄዱ አደረገ፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን አሰበ (2ኛ ቆሮ. 8፥18-21)። ስለዚህ በምሥጢር የሚያዝ የሕዝብ ምግብ ለሌባ በር ይከፍታል እንጂ ቅድስና የለበትም።

የሁለተኛዎቹም አሳብ እንዲሁ ይመዘን። ማን ቢመሰገን ምን ቸገረ የሚለው ሰው ሁለት ትእዛዞችን ይረሳል፤ አትስረቅ የሚለውንና በሐሰት አትመስክር የሚለውን። ሰው የባልንጀራውን በሬ ሲሰርቅ ሌባ ይባላል። የባልንጀራውን ድካም በራሱ ስም ሲያስጠራስ ምን ሊባል ነው? ስም ከበሬ ያነሰ ነገር አይደለም። ሉተር ስምንተኛውን ትእዛዝ ሲያብራራ፣ ክፉ አለመናገር ብቻውን በቂ እንዳልሆነና ስለ ባልንጀራችን በጎ ነገር መናገርም እንደሚገባን አስተምሯል። እንግዲህ በጎ የሠራውን ሰው ማመስገን ስንፈልግ የምናደርገው ችሮታ ሳይሆን ዕዳ ነው። ጳውሎስም ግብርን ለሚገባው ግብርን፣ ክብርን ለሚገባው ክብርን እንድንከፍል ሲያዝ፣ ክብርን ከዕዳዎች ጋር ቈጥሮታል (ሮሜ 13፥7)።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ የጌታ ትእዛዞች እንደማይጣሉ እናያለን። የተከለከለው ሰው ለራሱ መለከት መንፋቱ ነው፤ የታዘዘው ደግሞ ስለ ባልንጀራው እውነትን መመስከር ነው። በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ሳለ ጌታ ያደረገውን አስቡ (ማር. 12፥41-44)። ድኻይቱ መበለት ሁለቱን ሳንቲሞቿን ስትጥል አንዳች ቃል አልተናገረችም፤ በስውር ሰጠች። ጌታ ግን ዝም አላለም፤ ደቀ መዛሙርቱን ጠርቶ የእርስዋ ስጦታ ከባለጠጎቹ ሁሉ እንደሚበልጥ ነገራቸው። እርስዋ ስለ ራስዋ ዝም አለች፤ እርሱ ስለ እርስዋ ተናገረ። በአንድ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ትእዛዞች ተፈጸሙ።

ደግሞም ሥሩን ካልነካን ነገሩ አይጠራም። ሰው ለራሱ መለከት የሚያስነፋው ስለ ምንድን ነው? በልቡ ጸድቄአለሁ የሚል ምስክር ስለሚፈልግ ነው። በእግዚአብሔር ፊት በእምነት እንደጸደቀ የማያውቅ ሰው፣ በሰዎች ጭብጨባ ሊጸድቅ ይሞክራል፤ ጭብጨባው ሲያልቅም ጽድቁ አብሮት ያልቃል። በክርስቶስ የጸደቀ ሰው ግን በዚህ ረገድ ነጻ ነው። ሥራውን እግዚአብሔር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ባልንጀራው ነው። ስለዚህ ሥራውን ለተራበው ሕፃን ይሰጣል፣ ምስጋናውን ለእግዚአብሔርና አብረውት ለደከሙት ይሰጣል፣ ሌላውን ደግሞ ሳይመሰገን ቢቀር አያጕረመርምም።

አሁን ወደ ሕፃኑ እንመለስ። ሰጪው በአደባባይ ሲመሰገን ተቀባዩም በአደባባይ ይታያል። በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ ረኀብ በጸናበት ጊዜ፣ በኮረም ሜዳ የወደቁ ወገኖቻችን ምስል በዓለም ሁሉ ታየ። ምስሉ የብዙዎችን ልብ አራርቶ እህል እንዳመጣ የታወቀ ነው፤ የብዙዎችን ሕይወትም አተረፈ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ልጅ በውጭ አገር የሚታወቀው በዚያ ምስል ሆነ። ይህ ቍስል ዛሬም አልሻረም። እንግዲህ ሕፃኑን ሳህን አስይዞ ፎቶግራፍ ሳያነሡ መመገብ የሚቻል ከሆነ፣ ማንሣቱ ስለ ማን ጥቅም ነው? ጳውሎስ በቆሮንቶስ ጉባኤ የጌታን ራት ሲበሉ ድኾቹን ያሳፈሩትን ባለጠጎች በብርቱ ቃል ወቅሷቸዋል (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። በደላቸው ምግብ መከልከል ብቻ አልነበረም፤ ምንም የሌላቸውን ማሳፈራቸውም ነበር። ስለዚህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ሁሉ በአንድነት መብላታቸው፣ ከሆዳቸው መጥገብ ሌላ መልካም ፍሬ አለው። ድኻውን ለይቶ የሚጠራ የለም፤ ያለውም የሌለውም ልጅ ከአንድ ድስት ይቀዳለታል። ሁሉ በሚበሉበት ማዕድ ማንም ለማኝ አይደለም።

ይህን ካልን በኋላ ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም። እህሉን ያበቀለው ማን ነው?

ጌታ አምስት ሺህ ሰዎችን በመገበ ጊዜ፣ አንድ ብላቴና አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ ይዞ እንደ ነበረ ዮሐንስ ጽፎልናል (ዮሐ. 6፥9)። ብዙ ስብከት ስለ ብላቴናው ልግስና ተሰብኳል። ነገር ግን ያ ገብስ ከሰማይ አልወረደም፤ አንድ ሰው አርሶት፣ ዘርቶት፣ አርሞት፣ አጭዶትና ወቅቶት ነበር። ገብስ የደጋ እህል መሆኑን፣ ውርጭ እንዴት እንደሚያቃጥለውና የገብስ ቂጣ የማን ምግብ እንደ ሆነ ለደጋ ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም። የእግዚአብሔር ልጅ ተአምሩን የጀመረው ስሙ ካልተጻፈ ገበሬ ድካም ነው። ሉተርም እግዚአብሔር እንጀራን በገበሬው እጅ እንደሚሰጠን፣ ሰዎችም በየሥራቸው እርሱ የሚሰወርባቸው መጋረጃዎች እንደ ሆኑ አስተምሯል። እግዚአብሔር በመጋረጃው ውስጥ ቢሰወርም፣ እኛ መጋረጃውን መናቅ አይገባንም።

ይህ ነገር ከአገራችን ወሰን ውጭም ይታያል። በሶማሌላንድ በሐርጌሳ ከተማ መካከል ዋሄን የሚባል ታላቅ ገበያ አለ። ከምሥራቅ ሐረርጌ የሚጫነው ድንችና ሽንኩርት በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌ አልፎ ወደዚያች ከተማ ይሄዳል። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሌሊት ዋሄን በእሳት ጋየ፤ ብዙ ሺህ ነጋዴዎች፣ ይልቁንም ጥቃቅን ንግድ የሚነግዱ ሴቶች፣ ያላቸውን ሁሉ አጡ። በዚያ ወቅት የዓለም ዓይን በተቃጠለው ገበያ ላይ ማረፉ የተገባ ነበር። ነገር ግን ገበያ ሲቃጠል የገበሬውም ገበያ አብሮ ይቃጠላል፤ ከወሰኑ ወዲህ፣ በደጋው እርሻ ላይ ሽንኩርቱ በመሬት እያለ ገዢው የጠፋበትን ሰው ማን አሰበው? ያ ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የእምነት ወገናችን አይደለም፤ የሸማቹም ቋንቋ ከእኛ ቋንቋ ይለያል። ዳሩ ግን አባታችን ፀሓዩን በሁሉ ላይ ያወጣል (ማቴ. 5፥45)። የሚያበላንን ሰው ከማመስገናችን በፊት ሃይማኖቱን የምንጠይቅ ከሆነ፣ ስለ ደጉ ሳምራዊ የተነገረው ምሳሌ ገና አልገባንም ማለት ነው።

ለገበሬው የሚሰጠው ክብር እንዲያው ሜዳልያ ብቻ ነውን? ሜዳልያውን አልነቅፍም። በአገራችን በሥራቸው የበለጡ ገበሬዎች በአደባባይ ተሸልመዋል፤ በማረሻ የሻከረ እጅ በሹም እጅ ሲጨበጥ ማየት መልካም ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በወሎንኮሚ በሣር ቤት የተወለዱት ዶክተር ገቢሳ ኤጄታ፣ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም ማሽላ በማስገኘታቸው የዓለምን የምግብ ሽልማት ሲቀበሉ፣ የገበሬ ልጆች ሁሉ አብረው ተከብረዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለ ገበሬው ክብር ሲናገር ከሜዳልያ አስቀድሞ ስለ ሌላ ነገር ይናገራል። የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ይከለክላል (ዘዳ. 25፥4)። የሚደክም ገበሬ ከፍሬው ለመብላት የመጀመሪያው ሊሆን እንደሚገባው ይናገራል (2ኛ ጢሞ. 2፥6)። ያዕቆብም የአጫጆች ደመወዝ ሲቀማ ጩኸቱ ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ያስፈራራል (ያዕ. 5፥4)። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈለት ቃል ክብርንና ደመወዝን በአንድ ትንፋሽ አያይዟቸዋል (1ኛ ጢሞ. 5፥17-18)። እንግዲህ እንደ መጽሐፍ ቃል የገበሬው ክብር የሚጀምረው በሚዛኑ ላይ ነው።

ይህን በአገራችን ሁኔታ እንየው። ገበሬው አዝመራውን በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባል። የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል፣ ልጁንም ለማልበስ፣ ዋጋው በወደቀበት በዚያው ወራት ይሸጣል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይራቈታል፤ ያንኑ እህል በእጥፍ ዋጋ ከገበያ ይገዛል። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ደግሞ ከክረምቱ በኋላ በመስከረም፣ እህል በጠፋበት ወር ነው። እንግዲህ ለምገባው እህል የሚገዛው ሰው ገንዘቡን በጊዜ አዘጋጅቶ፣ በመከር ወራት በደህና ዋጋ ከገበሬው ማኅበር ቢገዛና እስከ መስከረም በደህና ጎተራ ቢያስቀምጥ፣ ሁለት ሰዎችን ባንድ ጊዜ ይመግባል። ገንዘቡ ዘግይቶ በክረምት ከነጋዴ ቢገዛ ግን፣ ሕፃኑ ይበላል፣ ትርፉም በመካከል ይቀራል። ገበሬው እህሉን አስረክቦ ዋጋውን ወራት ቈጥሮ ቢጠብቅ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት መሳለቂያ ይሆናል። የራቈተውን ወንድም በደህና ሂድ ብሎ የሚያሰናብተውን ሰው ያዕቆብ እንደ ወቀሰው ማለት ነው (ያዕ. 2፥15-16)።

ከዚህም የሚብስ ነገር አለ። በየገጠሩ ትምህርት ቤት ቁርስ ሳይበላ የሚመጣው ሕፃን የማን ልጅ ነው? የዚያው የገበሬው ልጅ ነው። ከተማውን የሚያበላው እጅ የራሱን ልጅ ባዶ ሆድ ይልካል። ስለዚህ ምገባውንና ገበሬውን ሁለት ጉዳይ አድርገን ልንለያቸው አንችልም። ለገበሬው በቂ ዋጋ መክፈል አንዱ የምገባ መንገድ ነው፤ ልጁን በትምህርት ቤት መመገብም ገበሬውን ከማክበር ይቈጠራል።

ሽልማትም ጎተራን እንደማይጠብቅ ከዘመናችን እንማር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ከፍ ያለ ክብር ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር፣ ለተራቡ የተላከ እህል እየተሰረቀ ወደ ገበያ መውጣቱ ስለ ታወቀ፣ ይኸው ድርጅት በኢትዮጵያ የሚሰጠውን የእህል ዕርዳታ ለወራት አቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ የተጎዳው የሰረቀው ሰው አልነበረም፤ በየመጠለያው የነበረው ድኻ ነው። ይህን የማነሣው ሽልማቱን ለማቃለል አይደለም። ምስጋና ያለፈውን ሥራ ያከብራል እንጂ ለሚመጣው ዋስ ሊሆን እንደማይችል ለማስታወስ ነው። ዋሱ በየማለዳው ኩንታሉን የሚቈጥር ታማኝ ሰው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ስሙ አይጠራም።

አባቶቻችን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ። ክብርም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ቢሸከመው አንገቱን ያጐብጠዋል፤ ለሚያርሰው፣ ለሚያጓጕዘው፣ ለሚፈጨው፣ እንጨት አንድዳ በጢስ ለምትለበለበው እናት፣ ለሚቈጥረው ጸሐፊ፣ ግብሩን ለሚከፍለው ሕዝብ ቢታደል ግን ለሁሉም ጌጥ ይሆናል።

ስለ ቤተ ክርስቲያናችንስ ምን እንላለን? በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ዘመን፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ፣ ሰውን ነፍስና ሥጋ ብሎ ከፍሎ ማገልገል እንደማይገባ ለውጭ ወዳጆቿ አስረድታ ነበር። ያ ትምህርት ዛሬም ይሠራል። እንጀራን ከጸሎት የለየ ሰው የጌታን ጸሎት በመካከሉ ቈርጦታል። እንግዲህ በየማኅበራችን በመከር ምስጋና ቀን ነዶና ፍሬ ወደ መሠዊያው ስናቀርብ፣ ያመረቱትን መንደሮች በስማቸው ጠርተን እንጸልይላቸው። ከገበሬ ስንገዛ ሚዛን አናጓድል፤ ዋጋውንም በድህነቱ አንፈልጠው። በሰፈራችን ትምህርት ቤት ለሚያበስሉት እናቶች ሰላምታና አክብሮት እንስጥ፤ ደመወዛቸው ሲዘገይም ስለ እነርሱ እንናገር። ሕፃናትን ስንረዳ ፊታቸውን ለዓለም ከማሳየታችን በፊት፣ የእኛ ልጅ ቢሆን እንዲህ እናደርግ ነበርን ብለን እንጠይቅ። ሲመሰግኑንም እንደ ታማኝ መጋቢ አብረውን የደከሙትን እንቍጠር።

ለባልንጀራ የሚገባው ምስጋና ዕዳ ነው ብለናል፤ ዕዳም በቃል ብቻ አይከፈልም። በየዕለቱ የዕለት እንጀራችንን ስንለምን፣ ያን እንጀራ የሚሰጠው እግዚአብሔር በማን እጅ እንደሚሰጠን እናስብ፤ ያ እጅ ባዶውን እንዳይቀርም እንትጋ። የተራቡትን የሚያጠግብ፣ ዝናምንም በጊዜው የሚያዘንብ አምላክ የገበሬዎቻችንን ድካም ይባርክ፤ ለሕፃናቶቻችንም ማዕድን ያብዛ። አሜን።